የአዴ ሙኒራን ቤት ጠማማ ያልኩ ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከኢድ በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ በሚደራረብበት ሰሞን ነው። ያልረሳሁት ወድጄ አይደለም፤ ሰዎች አያስረሱኝም። ዛሬም ጀጎል ግንብ ውስጥ በአንዱ ቀጭን መንገድ ሳልፍ ከበር ላይ ብቅ ብሎ «ጌታቸው፣ ኤሊህ ደህና ናት?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም።

እኔ ሸዋ በር አካባቢ ምንጣፍ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴን ብዙ አልገፋሁበትም፤ የቀረውን ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው የተማርኩት። ላፕቶፕ የገዛሁት ለዕቃ መመዝገቢያ ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ድራማ ማያ አደረገችው።

የእህቴ ልጅ መቅደስ የሒሳብ መምህርት ናት። አንድ ቀን መጥታ ተማሪዎቿን ጂኦሜትሪ የምታስተምርበትን ፕሮግራም ጫነችበት። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ በቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ኤሊ እንደታዘዘችው እየሄደች ከኋላዋ መስመር ታሰምራለች። ልጆቹ እንዲቀላቸው ብላ መቅደስ ትእዛዞቹን በአማርኛ አድርጋቸዋለች። «ሂጂ 40» ካልካት ትሄዳለች። «ዙሪ 90» ካልካት ቀጥ ባለ ማዕዘን ትታጠፋለች። ይህን አራት ጊዜ ካስደገምካት አራት ማዕዘን ሠርታ ቁጭ ትላለች።

በቤቴም በሱቄም ስናገር ያለ መልስ የሚታዘዘኝ ፍጡር ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሱስ ሆነብኝ። እንደ ገበያችን መስሎኝም «ሂጂ ትንሽ» ብዬ ጻፍኩላት። ከቃሉ ሥር ቀይ መስመር ተሰመረ። «ትንሽ ጨምሪ» አልኳት፣ አሁንም ቀይ። «ባክሽ ጨምሪ» ስላት ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። መቅደስ ሳቋን እየታገለች፣ ኤሊዋ ቁጥር እንጂ ልመና እንደማታውቅ ነገረችኝ። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አያምጣብኝ ብዬ ጸለይኩ።

ነጋዴ ነኝና ወዲያው ሌላ ነገር ታየኝ። የደንበኛውን ቤት ለክቼ፣ ቁጥሩን ለኤሊዋ ሰጥቼ፣ ሥዕሉን በወረቀት አትሜ ባሳየው ማን ይፎካከረኛል? ሱቄ በር ላይ «ምንጣፍ በኮምፒውተር እንለካለን» የሚል ጽሑፍ ሰቀልኩ። ፊት ለፊቴ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው አብዲ ቆሞ አነበበውና፣ «አቦ፣ ሜትር ጠፍቶ ነው?» አለኝ። ኤሊዋን ካየ በኋላማ ስሜን «አቶ ኤሊ» አደረገው። ሸዋ በርም ያለ ክርክር ተቀበለው።

በዚህ መሃል አዴ ሙኒራ መጡ። አዴ የምንለው በዕድሜም በክብርም ከፍ ያለችን ሴት ነው፤ እሳቸው በሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። ሐረሪ ቤት የገባ ያውቀዋል፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። አዴ ሙኒራ ትልልቅ ሰዎች የሚቀመጡበትን ሰፊውን መደብ የሚሸፍን ጥቁር ቀይ ምንጣፍ ፈለጉ። መገጣጠሚያ እንዳይኖረው ደግሞ አጥብቀው ነገሩኝ። አንድ ዘመዳቸው ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት የእግር ጣት መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ሰውየው ተንደርድረው ሩዙ ላይ አርፈዋል። ወሬው እስካሁን አልበረደም።

ከዚያ ቀለም የቀረኝ አንድ ጥቅል ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ከሰርጉ በፊት እንደማይገባለት ነግሮኛል። በቆረጣ ካበላሸሁት አለቀ። ልጅቷ ባልተሸፈነ መደብ ልትዳር ነው፣ እኔም ጀጎል ውስጥ ሁለተኛ ምንጣፍ አልሸጥም።

ሄጄ የመደቡን አራት ጎን ለካሁ። ጥጎቹን አልለካሁም፤ ጥግ ጥግ ነው ብዬ። ሱቅ ተመልሼ ቁጥሮቹን አስገባሁና በየጥጉ «ዙሪ 90» አልኳት። ኤሊዋ ዞራ ዞራ ከተነሳችበት ሳትደርስ ቆመች። በመደቡ ልክ ሲሰላ አንድ ስንዝር ያህል ይቀራታል። ደገምኩላት። እዚያው። ደክሟት ይሆናል ብዬ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። እዚያው።

መቅደስ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ኤሊዋ ያልካትን ነው ያደረገችው። ዘጠና ያልሆነው ቤቱ ነው» አለችኝ። ተመልሼ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ እንድለካ፣ ያኔ ምን ያህል መዞር እንዳለባት ፕሮግራሙ ራሱ እንደሚያሰላው አስረዳችኝ።

እዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ጥፋቱ ላፕቶፑን በብብቴ ሸጉጬ አዴ ሙኒራ ቤት ሄጄ፣ የጎረቤት ሴቶች ለሰርጉ በርበሬ በሚቀነጥሱበት ግቢ መሃል ለምን ድጋሚ እንደምለካ ማስረዳቴ ነው።

«አዴ፣ ቤትዎ ትንሽ ጠማማ ነው» አልኳቸው።

ቅንጠሳው ቆመ።

«ማን ነው ያለው?»

«ኤሊዋ ናት።»

አዴ ሙኒራ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩት። «ይቺ ጥፍር የማታክል ናት የአያቴን ቤት ጠማማ ያለችው? የራሷን ቤት በጀርባዋ ተሸክማ የምትዞር፣ ስለ ሰው ቤት ምን አገባት?»

ሳልለካ ወጣሁ። ወጣሁ ስል በትህትና ነው፤ ተባረርኩ ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ «ጠማማ» የነበረው ቤት፣ ወሬው ጊደር መጋላ ገበያ ሲደርስ «ያዘነበለ» ሆነ። ሸዋ በር ሲደርስ ሊወድቅ ነበር። አብዲ መጥቶ ለኔው ለራሴ፣ «ሰማህ? የአዴ ሙኒራ ቤት በሰርጉ ቀን እንደሚፈርስ ኮምፒውተር ተናገረ አሉ» ብሎ ነገረኝ። የሙሽራው ወገን ሰዎቻችንን የሚፈርስ ቤት አናስገባም፣ አዳራሽ ይፈለግ አሉ። አዴ ሙኒራ ደግሞ ልጄ ከዚህ ቤት ካልወጣች ከየትም አትወጣም ብለው ማሉ። እንግዲህ እኔ የምንጣፉን ጭንቀት ተውኩት። ሰርጉ ራሱ በኔ ኤሊ ምክንያት ሊቀር ነበር።

በማግስቱ አዴ ሙኒራ ቤት ተጠራሁ። የሙሽራው አያት ሐጂ ዩሱፍ መጥተው ግድግዳውን በከዘራ እያንኳኩ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። አዴ ሙኒራ ክንዳቸውን አጣምረው እኔን ያያሉ።

«ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» አሉኝ ሐጂ።

ኤሊዋ ስለ መውደቅ ምንም እንደማታውቅ፣ የምታውቀው መሄድና መዞር ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ታዲያ በማታውቀው ለምን ትገባለች?»

ገበያ ላይ መልስ ሲጠፋብኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ ሌላ ዕቃ አሳየሁ።

«ሐጂ፣ አንድ ቤት ብቻ ለክቶ ጠማማ ማለት ፍርድ አይደለም። የእርስዎንስ ብንለካው?»

«የኔ ቤት ቀጥ ያለ ነው» አሉ። «ና፣ ተከተለኝ።»

ሄድን። አዴ ሙኒራም፣ በርበሬ ቀንጣሾቹም ከኋላ። የሐጂን መደብ ለክቼ እንደ መጀመሪያው በየጥጉ «ዙሪ 90» እያልኩ አስገባሁ። ኤሊዋ ሄደች፣ ዞረች፣ ሄደች፣ ዞረች። ከተነሳችበት አንድ ክንድ ሙሉ ሲቀራት ቆመች። ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ያረቢ» አለች።

ሐጂ ስክሪኑን አዩ፣ ግድግዳቸውን አዩ፣ ጺማቸውን ዳሰሱ። እኔ ሱቄን ወደየት ከተማ እንደማዛውር እያሰብኩ ነበር።

«ይሄን ቤት የሠሩት የአያቴ አባት ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «በዓይናቸው ለክተው። ቀጥ ያለ ቤት ማለት ትናንት የተሠራ ቤት ነው። የኔ ይሄን ያህል ተጣሞ ካልወደቀ የሷ ምን ሆኖ ይወድቃል? ሰርጉ እዚያው ይሁን።»

ወዲያው ተመልሼ የአዴ ሙኒራን መደብ በሰያፍ ለካሁ። ኤሊዋ በዚህኛው ልኬት ዞራ የተነሳችበት ነጥብ ላይ ገጠመች። ያንን ብቸኛ ጥቅል ዘርግቼ ምላጩን አንስቼ ቆረጥኩ። መደቡ ላይ ሲነጠፍ አራቱም ጥግ ልክክ ብሎ ተኛ። በሰርጉ ቀን ሐጂ ዩሱፍ ጥጉ ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ሳይ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

አልተገላገልኩም። ከሰርጉ በኋላ አዴ ሙኒራ ሱቄ መጡ። ፊታቸው አላማረኝም። ምንጣፉ ተነሳ ወይ ብላቸው፣ ምንጣፉስ ደህና ነው አሉ።

«የሐጂ ቤት ከኔ ቤት ይበልጥ ጠማማ ነው ብለሃል። ሰርጉ ላይ አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ እያሉ ሲያወሩ አመሹ። የኔ ቤት ከሳቸው እንደሚቀድም አገር ያውቃል። አሁን ቁጭ በልና የኔን ጨምረው።»

«አዴ፣ ይቺ ልመና አታውቅም» አልኳቸው። ከልቤ ነው፤ ለምኛት አይቻለሁ። ቁጥሩን መነካካት አቅቶኝ አልነበረም። ግን ነገ ሐጂ በፊቴ ይለካ ቢሉ ምን ልል ነው? መላ ፈለግኩ። ከቤታቸው ጀርባ አንዲት አሮጌ ዕቃ ቤት አለች፤ እሷን ለካሁ። ኤሊዋ ከስክሪኑ ጠርዝ ወጥታ ጠፋች። አዴ ሙኒራ ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቴን ለካልኝ ይል ጀመር። ምንጣፍ የሚገዛው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው የሚፈልገው ምን ያህል እንደተጣመመ ማወቅ ብቻ ነው። አብዲ እንኳ የእናቱን ቤት አስለክቶ ስንዝር ስላልሞላለት አኩርፎኝ ሰነበተ።

አንድ ቀን አዴ ሙኒራ ሱቄ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣ «ያንተስ ቤት?» አሉኝ።

የኔ ቤት ከግንቡ ውጭ ነው። በፕላን፣ በውኃ ልክ የተሠራ፣ ገና በቅርቡ ያስጨረስኩት፣ የምኮራበት ቤት። ምንጣፍ ሳነጥፍበት አራቱንም የሳሎኑን ጎን ስለለካሁ ቁጥሩ በቃሌ ነው። እዚያው አስገባሁት። ኤሊዋ ሄደች፣ ዞረች፣ ተመልሳም የተነሳችበት ነጥብ ላይ ፀጉር ታህል ሳታጎድል ቁጭ አለች።

አዴ ሙኒራ ስክሪኑን ብዙ አዩት። ከዚያ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ኢንሻአላህ ያረጃል።»

ያኔ ሳቅኩ። አሁን ግን ቤቴ ስገባ ዓይኔ ሳላዘው የሳሎኑ ጥግ ላይ ያርፋል። እስካሁን ቀጥ እንዳለ ነው።