ጋሽ ፕላስቲክና የልጁ ዲግሪ

ሰፈሩ «ጋሽ ፕላስቲክ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን ከመሪው አይደለም። ወረቀት እጁ ከገባ ላሚኔት ካላስደረገው እንቅልፍ አይወስደውም። መንጃ ፈቃዱ፣ የክትባት ካርዱ፣ ኧረ የፍሪጁ ዋስትና ሳይቀር በፕላስቲክ ታሽጎ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ይሳቁበት እንጂ ምክንያት አለው። በወጣትነቱ የጣሪያ ፍሳሽ የትምህርት ማስረጃውን ቀለም ጠራርጎ ወሰደው፤ ሊቀጠርበት የነበረው የቢሮ ሥራም አብሮ ሄደ።

እናም ልጁ በነርስነት ተመርቃ የመጣች ዕለት፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ዲግሪዋን ከእጇ ነጥቆ ሰፈር ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ከች አለ። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት መነጽራም ሴት፣ ዲግሪ ባይታሸግ ይሻላል ብላ ልትመክረው ሞከረች። የወረቀቱ ባለቤት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ብሎ አፏን አስያዛት። ሴትየዋ ዲግሪውን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባችና ሠርታ ሰጠችው። ሥራዋን ግን አልወደደውም። ወረቀቱ ፕላስቲኩ ላይ በደንብ አልተጣበቀም፤ እዚህም እዚያም አየር ይዞ አብጧል። ስምንት ዓመት ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ እጇ አይረባም እያለ ሲያማት ኖረ፤ ደጇንም ረግጦ አያውቅም።

ዘንድሮ ልጅቷን ውጭ አገር ያለ ሆስፒታል ቀጠራት። ማስረጃዎቿ ተረጋግጠው እስከ ነገ ካልተላኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተባለ። አባትና ልጅ ማልደው ሰነድ ማረጋገጫው ቢሮ ተሰለፉ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ዲግሪውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና መልሳ ገፋችው። ማኅተሙ የሚያርፈው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ቀለም አይዝም። እንላጠው ቢሉ ወረቀቱም አብሮ ይላጣል። ምትክ ለማውጣት ሁለት ወር ይፈጃል። አዝናለሁ አባባ አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ልጅቷ አንድም ክፉ ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱን ይበልጥ ያንገበገበው ይሄው ነው። ብትቆጣው ምን ነበረበት? ውሃ እንዳይነካባት ብሎ በገዛ እጁ ዕድሏን አሽጎባት አረፈው።

ንዴቱን የሚያራግፍበት ሲያጣ ያቺ ፎቶ ኮፒ ቤት ትዝ አለችው። ልጁን አስከትሎ እየበረረ ሄደና ሴትየዋ ላይ አፉ ያመጣለትን ሁሉ አወረደባት። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ መነጽሯን ጠርጋ ዲግሪውን ከልጅቷ ተቀበለችና መቀስ አነሳች። የልጄን ወረቀት ልትቆርጪ ነው ብሎ እጇን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁኝ» አለችው። «ይቺ ወረቀት ማሽን ውስጥ አልገባችም።»

ለካስ ዲግሪያቸውን አሳሽገው ኋላ የሚያለቅሱ ሰዎች ብዙ አይታ ኖሯል። ስለዚህ አልሰማ ያላትን ሰው ዲግሪ ማሽን ውስጥ አታስገባውም፤ የፕላስቲኩን ጠርዝ ብቻ በካውያ ዙሪያውን ታጣብቀዋለች። ያኔ ብትነግረው ኖሮ እንደገና አሽጊው ባላት ነበር፤ ያውም እየጮኸ። ጠርዙን ቆረጥ አድርጋ ዘንበል ስታደርገው ዲግሪው ሹልክ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። የተመረቀችበት ዕለት እንደነበረው ነው፤ እጥፋት እንኳ የለበትም። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መስኮቱ ሊዘጋ አስር ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ጋሽ ፕላስቲክ ሰልፈኛ ፊት እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ አላፈረም።

ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤቷ ተመለሰ። ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ስምንት ዓመት አምቼሻለሁ» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ዝም ትያለሽ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ሳይጣበቅ ቀረ እያሉ ባሙኝ ቁጥር፣ ተመስገን፣ ወረቀቷ ደኅና ናት እል ነበር።»

እጇን በሁለት እጁ ይዞ እግዜር ይስጥልኝ አላት። በማግስቱ ልጁ ሰነዷን ልትልክ ስትወጣ እሱም አብሮ ወጣ። ያማበትን ቤት ሁሉ ከዳር ጀምሮ እያንኳኳ፣ ስለዚያች ሴትዮ የነገርኳችሁ ውሸት ነው እያለ ሲዞር ዋለ።