ገጹ ሳይገለበጥ

ፊደሎቹ መጀመሪያ የታጠፉብኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ገና በቅርቡ የወጣ ልብ ወለድ እያነበብኩላቸው ነበር። መስመሩ መሐል ስደርስ ቃላቱ ወደ ታች ጎበጥ አሉ። ዓይኔን አሸሁና ቀጠልኩ። ውጭ እየዘነበ ነበርና ቤቱ ስለጨለመ ነው ብዬ አለፍኩት። ጋሼ ግን ቆም ማለቴን ሰምተው ደክሞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነው አልኳቸው፤ ባለቤታቸው ውሃ አመጡልኝና በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። እውነትም ሰሞኑን የማይቆርጥ ውሃ ጥም ይዞኝ ነበር።

ጋሼ፣ ጃጁራ ከተማ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሆሳዕና ከተማ መጥተው ቤት ሠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸው ጠፋ። ልጆቻቸው ሁሉም በየሥራው ተበትነዋል። ባለቤታቸው በሀዲይሳ እንጂ በአማርኛ ማንበብ አይሆንላቸውም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እኚሁ እትዬ እጄን ይዘው፣ ሰውየው ከሬድዮ ጋር መጣላት ጀምረዋል፣ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ቢያገኙ ሰው ይሆኑ ነበር ብለው አጫወቱኝ። እኔ ባሌን በሞት ካጣሁ ወዲህ፣ ልጄም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ፣ ቅዳሜ የሚባለው ቀን አልመሽ እያለኝ ተቸግሬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አልቀረሁም።

መጽሐፎቹ የሚገኙት መናኸሪያው አካባቢ ደብተርና እስክሪብቶ ከሚሸጥ አንድ ሰው ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ከደብተሩ ጋር አምስትም ስድስትም አዳዲስ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ሲመጣለት ይደውልልኛል። ጋሼ አሮጌ መጽሐፍ አይፈልጉም። "ያነበብኩትን አነበብኩ፤ አሁን ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው" ይላሉ። ልብ ወለድ ስንጨርስ አንዳንዴ እውነተኛ ታሪክ ያሰኛቸዋል። አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ እንሰት በሽታ የጻፈውን ሳነብላቸው በየአንቀጹ እያስቆሙኝ ከሰውየው ጋር ተከራክረዋል። አንዲት ጡረተኛ ነርስ ስለ ገጠር ዘመኗ የጻፈችውን ስንጨርስ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ አሉኝ። የጀርባ ሽፋኑን፣ መታሰቢያነቱን፣ ምስጋናውን፣ የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ሳይቀር ነበር የሚያስነብቡኝ።

እንግዲህ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መታጠፉ አልተወኝም። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ፋይል ሳወጣ ቁጥሮቹ መሐላቸው ጠፋ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ማንበብ ነው ሥራዬ። አንዱን ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ፤ ግራው ደህና ነበር። ግራውን ሸፍኜ በቀኙ ሳይ ግን ልክ የማየው ቦታ ላይ፣ ቀለም የነካው ጣት ያረፈበት የመሰለ ግራጫ ነጥብ ነበር። ወደ የትም ባይ አብሮኝ ይዞራል። የሥራ ባልደረባዬ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ አቧራ ገባብኝ አልኳት።

ፍርሃቱ የጀመረው እዚያ ነው። ጠዋት ጠዋት ስነሳ ዓይኔን ለመግለጥ እፈራለሁ። ገልጬ መጀመሪያ የማየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ነው። ቀኙን ሸፍኜ ቁጥሮቹን አነባለሁ፣ ግራውን ሸፍኜ አነባለሁ። ነጥቡ ትናንት አንዱን ቁጥር ብቻ ከሸፈነ ዛሬ ሁለቱን የሸፈነ ይመስለኛል። አልሰፋም፣ አንቺ ነሽ የምታሰፊው እላለሁ ለራሴ። ቆይቼ ደግሞ እንደገና እለካለሁ። ቢሮ ስሄድ የቤቴን በር ከፍቼ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን እርምጃ መቁጠር ጀመርኩ። ለምን እንደምቆጥር ለራሴ እንኳ አልነገርኩም።

ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። ሆስፒታሉ ከቢሮዬ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ትታወሪያለሽ የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ መስማት ፈርቼ ነው። ያልተነገረኝ እስከሆነ ድረስ ያልሆነ ይመስለኝ ነበር። ለልጄም አልነገርኳት፤ ፈተና ላይ ነበረች፤ ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሰበብ አላጣሁም። ልብሴ ሰፍቶኝ ነበር፤ የቢሮ ሰዎች ቀጠንሽ፣ አማረብሽ ይሉኛል፣ እኔም አመሰግናለሁ። ውሃ እጠጣለሁ፣ እንቅልፌን እየቆረጥኩ ደጋግሜ ወደ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። ይህን ከዓይኔ ጋር አላገናኘሁትም።

ጋሼ ቤት ግን መሄዴን አላቋረጥኩም። መቅረት ማለት መናገር መሰለኝ። ጋሼ ስለማያዩኝ ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ በግራው አነብ ነበር፤ እትዬ ሲገቡ ፊቴን በመጽሐፉ እጋርዳለሁ። እንዲህ ሆኜ አንድ ወር ያህል አለፈ። ከዚያ ግራውም ላይ ጭስ የመሰለ ነገር መጣ። በዚያው ሰሞን መጽሐፍ ሻጩ ደወለልኝ። ጋሼ ሲጠብቁት የከረሙት አዲስ ልብ ወለድ መጥቶ ነበር፤ የጭነት መኪና ስለምትነዳ ሴት ነው። ስከፍተው ወረቀቱ ግራጫ፣ ፊደሉም ጥቃቅን ነው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቤቴ በር ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ፣ መጽሐፉን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ አጠናሁት። ለፈተና እንደምትዘጋጅ ተማሪ ነበር ያጠናሁት። ቅዳሜ ከሞላ ጎደል በቃሌ ወጣሁት። ጋሼ ተደሰቱ። በሁለተኛው ቅዳሜም እንደዚያው አደረግኩ፤ ጥናቱ ግን ሳምንቱን በሙሉ ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ያጠናሁት አለቀና ጋሼ ገና አልጠገቡም ነበር።

"ቀጥይ፣ ድልድዩ ጋ ደርሳለችኮ" አሉኝ።

ገጹን አየሁት። እርጥብ ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም ነበር የሚመስለው። አንድ ቃል ያዝኩ፣ ቀጣዩን አጣሁት። አፌን ከፈትኩና ከራሴ መናገር ጀመርኩ። ሴትየዋ መኪናዋን ድልድዩ አፋፍ ላይ አቆመች አልኩ። ወንዙ መሙላቱን ወርዳ አየች። ረዳቷ እንመለስ አላት፤ እሷ ግን ጭነቱ ቲማቲም ስለሆነ ይበሰብሳል አለች። ወንዙ ቲምባሮ ውስጥ ወደ ሙዱላ ከተማ ስሄድ የማውቀው ወንዝ ሆነ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ እየተጠነቀቅኩ ቀጠልኩ። አንድ ገጽ የሚሆን ተናገርኩ፣ ሁለት ገጽ ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ያመኑኝ መሰለኝ፤ ትንሽ ተንፈስ አልኩ።

"ልጄ" አሉኝ በእርጋታ፣ "ገጽ ከገለበጥሽ ቆየሽ።"

በዚያ ቅጽበት የፈራሁትን ያህል ከዚያ በፊትም በኋላም ፈርቼ አላውቅም። እጄ ገጹ ላይ እንዳለ ቀረ። እትዬ ጓዳ ነበሩ፤ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉና መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉ፣ ከድነውም ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ።

ጉንፋን ነው፣ እንቅልፍ ስለማጣት ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ነጥቡ፣ ስለ ቀን መቁጠሪያው፣ እርምጃ ስለመቁጠሬም። ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቅ ሴት አለቀስኩ።

ያን ጊዜ የራሳቸውን ነገሩኝ። ከዚያ በፊት ሰው ሲጠይቃቸው የዓይን ግፊት ነው የወሰደው እያሉ ነበር የሚያልፉት። ለካ ማስተማር ሊተዉ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ጀምሮ እይታቸው ከግራና ከቀኝ እየጠበበባቸው መጥቶ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉን በቃላቸው ይዘው ያስተምራሉ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀድመው በጻፉት ላይ ደርበው ይጽፋሉ። ተማሪዎቹ አይተዋል፣ ግን መምህር ናቸውና ደፍሮ የነገራቸው የለም። እሳቸውም ሐኪም ዘንድ የሄዱት የራሳቸውን በር ማግኘት ሲያቅታቸው ነው።

"ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? የቀረውን ማቆየት እንችል ነበር አለኝ። እንችል ነበር። እኔን በሽታው ብቻ አልወሰደኝም፣ ልጄ፤ ፍርሃቴ ነው አሳልፎ የሰጠኝ።"

ከዚያ በሰባተኛ ክፍል በማውቀው ድምፅ ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል እንድሄድ አዘዙኝ። ካልሄድኩ ደግሞ ቅዳሜ በራቸውን እንዳላንኳኳ። እትዬን ጠሩና በሀዲይሳ አንድ ነገር ነገሯቸው። እትዬ እርጥብ እጃቸውን እየጠረጉ አዩኝ።

ሰኞ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። በእግራችን ነው የሄድነው። የዓይን ክፍሉ በር ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ ዕድሜ የጠገቡ ገበሬዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች። ነርሷ ዓይኔ ውስጥ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረገችና እንድቀመጥ ነገረችኝ። ቀስ በቀስ የሁሉም ሰው ፊት ጠፋ። መስኮቱ ነጭ ሆኖ አጥበረበረኝ። መታወር ይህ ነው እንግዲህ ብዬ አሰብኩ። እትዬ ስሜን እንኳ ሳይጠሩ እጄን ይዘው ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ ተራዬ እስኪደርስ አልለቀቁኝም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። መብራቱን ዓይኔ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ስኳር ተለክቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ላቦራቶሪ ላከችኝና ውጤቱን ይዤ ስመለስ ስኳሬ በጣም ከፍ ያለ መሆኑን፣ ዓይኔንም የጎዳው እሱ መሆኑን ነገረችኝ። ከዓይኔ ጀርባ ውሃ ቋጥሯል። የፈራሁት ቃል አልነበረም፤ ሌላ ቃል ነበር። እታወራለሁ ወይ አልኳት። ሐኪሟ ዋሽታ አላጽናናችኝም።

"ቀኙ ወደ ድሮው የሚመለስ አይመስለኝም። ግራውን ግን እንድረስበት" አለችኝ።

መድኃኒት አስጀመረችኝና ለዓይኔ ወደ አዲስ አበባ ላከችኝ። ልጄ ከሐዋሳ መጥታ ተገናኘን፤ ለምን እንዳልነገርኳት ስትጠይቀኝ ፈርቼ ነው አልኳት። ሕክምናው ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው ሲሉኝ ተነስቼ ልወጣ ነበር። መርፌ ወደ ዓይኔ ሲመጣ እያየሁ መጠበቅ! ግን ማደንዘዣ አድርገው፣ ፊቴን ሸፍነው፣ ወደ ላይ እንዳይ አዘዙኝ፤ መጫን የመሰለ ነገር ተሰማኝና አለቀ። ሐኪሙ ተነሺ ሲለኝ ገና እንዳልጀመረ ነበር የመሰለኝ። በየወሩ እየተመላለስኩ ሦስት ጊዜ ተወጋሁ።

የቀኝ ዓይኔ መሐሉ ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ግራው ላይ የነበረው ጭስ ግን ሳሳ። ቢሮ ውስጥ ከመዝገብ ቤት ወደ ሌላ ሥራ ቀየሩኝ። ቅዳሜ ጋሼ ቤት ስመለስ መነጽር አድርጌ፣ አጉሊ መስታወት ይዤ ነው። ድልድዩን ከመጽሐፉ ላይ አነበብኩላቸው፤ ሴትየዋ ወንዙን ሳትሻገር እዚያው ታድራለች። ጋሼ ያንቺው ቲማቲም ይሻል ነበር አሉኝ። አሁን የማነበው እንደ ድሮው ብዙ አይደለም። ጥቂት ገጽ አንብቤ አርፋለሁ፤ በእረፍቱ ስለ ሰዎቹ እናወራለን።

ፍርሃቱ ሄደ ብል ውሸት ነው። የቀን መቁጠሪያውን አሁንም ጠዋት ጠዋት እለካበታለሁ፤ ልዩነቱ አሁን ያየሁትን ለሐኪም እናገራለሁ። ባለፈው ለክትትል አዲስ አበባ ስሄድ መርፌ ክፍሉ በር ላይ ከዱራሜ የመጣ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ላብ አጥምቆታል፣ በየደቂቃው ወደ መውጫው ያያል። እኔ መርፌውን አውቀው እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ እንደተወጋሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ፈርቼ እንደነበረ፣ ማመሙ ግን እንዳሰብኩት እንዳልሆነ ነገርኩት። ነርሷ ስሙን ስትጠራ ተነሳ፤ ቆም አለና ቦርሳውን ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

"እስክወጣ ያዢልኝ፣ እህቴ" አለኝና ገባ።