ታገሠች ወይስ አቃታት

ስለ እትዬ ሳስብ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የብዕር ጭረት ነው። በዚያ ዘመን የምርምር ክፍላችን መሣሪያ ውጤቱን የሚጽፈው በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ነበር። ውሃ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ሙከራ አይጧ የሽንት ፊኛ ይገባል፤ ፊኛዋ ሲኮማተር ብዕሩ ሽቅብ ይዘላል፣ ሲላላ ይወርዳል። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው የአይጦች ሳጥን እያጸዱ እንኳ ድምፁን ብቻ ሰምተው፣ «ሦስተኛዋ ሸናች» ይሉ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ፣ እውነትም ሦስተኛዋ ናት።

በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሠላሳ ዓመት ሊደፍኑ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ሰፈሩ ግን ሥራቸውን በቅጡ አያውቀውም። አንድ ጊዜ ለጎረቤታቸው «የምንሠራው ስለ ፊኛ ነው» ቢሏት፣ ለልጇ ልደት ሁለት ደርዘን እንዲያመጡላት አዘዘቻቸው፤ ቢቻል ቀይ ቀዩን። እትዬ ከሱቅ ገዝተው ወሰዱላት።

«ለምን አላስረዷትም?» ብላቸው፣

«ልጅቷ ልደቷ ነው እኮ» አሉኝ።

ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ያስወጣቸው ዕድሜ ሳይሆን ይኸው ፊኛ ነው። ሽንታቸው በየሩብ ሰዓቱ ይመጣል፤ ሲመጣም እንደ ምላጭ ይቆርጣቸዋል። «የከተማውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ ከነቁልፍ ያዡ አውቀዋለሁ» እያሉ ራሳቸው ይስቁበት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ በራችን ድረስ መጥተው ከእትዬ ጋር ዳቦ ሲካፈሉ ታዲያ፣ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «ለአይጦቻችሁ የምትሰጡትን ለእኔስ መቼ ነው?»

የምንሞክረው መድኃኒት የሚሠራው አንጎል ውስጥ መልእክት በሚቀበል የሴል ክፍል፣ ‹ተቀባይ› በሚባለው ላይ ነው። አዲስ ገቢ ሳለሁ እትዬ እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ «ተቀባዩን እንደ ዘበኛ ቁጠሪው። ይኼኛው ዘበኛ ሁለት በር ይጠብቃል። በአንደኛው ሕመም ይገባል፤ በሁለተኛው ‹ሽንት ይውጣ› የሚለው ትእዛዝ ያልፋል። መድኃኒታችን ዘበኛውን ያስተኛዋል፤ በሮቹን የሚከፍት ይጠፋል።» ካነበብኳቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ይህቺ ምሳሌ ዛሬም አልጠፋችብኝም።

በዚያ ዓመት ውጤቱ ያማረ መሰለ። መድኃኒቱን የወሰዱት አይጦች ሕመም ከምንለካበት ትኩስ ሰሌዳ ላይ እግራቸውን ለማንሳት አይቸኩሉም፤ ብዕሩም ከዝላይ ወደ ዝላይ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ሆነ። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ «ዘገየ» የሚል ዓምድ አስምሬ በደስታ ምልክት አደርግበታለሁ። የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰሩ በሰው ላይ ለመሞከር ፈቃድ የሚጠይቁበት ማመልከቻ ዓርብ ሊላክ ነው። ከበጎ ፈቃደኞቹ ዝርዝር ውስጥ ሾፌሩ አራተኛ ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ መዝገቤን ይዘው መጡ።

«ይኼ ‹ዘገየ› የምትዪው ምንድን ነው?»

«ሽንቷ ዘገየ ነዋ፣ እትዬ።»

«ታገሠች ወይስ አቃታት?»

ዓምዱን ደግሜ አየሁት።

«ሁለቱም ይዘገያል፣ ልጄ። አንዷ ሳያማት ቆይታ ቆይታ፣ በፈለገች ጊዜ ሸንታ ትገላገላለች። ሌላዋ ልሽና ብትልም አይወጣላትም። ብዕርሽ ይኼን አይለይም።»

መሳቢያቸውን ከፈቱ። ለካ ማንም ሳያዛቸው ከየሳጥኑ ሥር ያለውን መምጠጫ ወረቀት ለአራት ወር ሲመዝኑ ኖረዋል፤ ደረቁን አንድ ጊዜ፣ እርጥቡን አንድ ጊዜ። በቱቦ የገባው ውሃ ልኩ ይታወቃል። ከፍተኛውን የመድኃኒት መጠን ከወሰዱት ሃያ አይጦች በአሥራ አንዱ፣ ከገባው ሲሶው አልወጣም። ፊኛቸው ውስጥ ቀርቷል።

ለፕሮፌሰሩ ከመናገራቸው በፊት ግን ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሾፌሩ አጥሩ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። እትዬ ሁሉንም ነገሯቸው። ሰውየው የጎረሱትን ዋጡና የቀረውን ዳቦ ጠቀለሉት።

«ከተናገርሽ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«እንጃ። ዓመት ይሆናል።»

«ዝም ብትይስ?»

«ዝም ካልኩማ አንተ አራተኛ ነህ።»

ሾፌሩ የጠቀለሉትን ዳቦ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ፣ «የሚይዝ፣ ግን የማይለቅ ፍሬን ያለው መኪና ነድቼ አላውቅም» አሉ። «ሂጂ ንገሪያቸው። ቶሎ በሉ ግን በያቸው። እኔ እንደ አይጦችሽ አልታገሥም።» ብለው ተነሡና ወደሚያውቁት የመጸዳጃ ቤት በር ገሠገሡ።

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ አልተቀበሉም። «ወረቀቱ ደርቆ ይሆናል እኮ፣ እትዬ።»

«በመድኃኒቱ ፈንታ ባዶ ውሃ የተወጉትም ወረቀታቸው እዚያው ክፍል ነው ያለው። የእነሱ ምነው አልደረቀ፣ ፕሮፌሰር?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወረዱባቸው። ሲጨርሱ፣ «ማመልከቻው ይቁም» አሉ። እኔም «ዘገየ»ን ሰርዤ በቦታው ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ «ታገሠች» እና «አቃታት»።

አሥር ወር ፈጀብን። መጠኑን በግማሽ ቀነስነው፤ «አቃታት» ሥር ያለው ምልክት ሳሳ። ወደ ሲሶ አወረድነው፤ ዓምዱ ባዶ ሆነ፣ ሕመም ማስታገሱ ግን አልጠፋም። «ዘበኛ ያንጎላጅ እንጂ አይሙት» አሉ እትዬ፤ በዚያ ዓመት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ማመልከቻው ተላከ፤ ፈቃዱም መጣ። ሾፌሩ አራተኛነታቸውን አልተነጠቁም።

መድኃኒቱን በጀመሩ በስድስተኛው ሳምንት የላቦራቶሪው ስልክ ጮኸ። አነሣሁት።

«ከመጨረሻው ፌርማታ ነው የምደውለው» አሉ ሾፌሩ። «ከመነሻው ተሳፍሬ አንድም ቦታ ሳልወርድ። ታገሠ ብለሽ ንገሪልኝ።»

መንገር አላስፈለገኝም፤ እትዬ መነጋገሪያውን ከእጄ ወስደው ነበር። እንኳን ደስ ያለህ አላሉም።

«ከዚያስ?» አሉ። «ስትወርድ ወጣልህ? … ሁሉም? … በደንብ አስብ፣ ሁሉም?»

አዳመጡ። ስልኩን በቀስታ አስቀመጡት፤ ጓንታቸውን አጠለቁ።

«ወጥቶለታል» አሉኝና ሳጥናቸውን ወደማጽዳት ተመለሱ።