ሰባት ቤት የተቆጠረለት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከአክስቴ ከፈንታዬና ከልጇ ከኤይታን ጋር እዚህ እስራኤል፣ ያቭነ ከተማ፣ አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ኤይታን የሚራመደው እግሩ ላይ በሚታሰር ድጋፍ ነው፤ ቁመት ስለጨመረ ጠቦታል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል ጥያቄዋን ታከታትላለች። ስንት ወር ላይ ተወለደ? ወላጆቹ የሥጋ ዘመድ ናቸው? አክስቴ «ሎ» አለች፤ አይደለንም ማለቷ ነው። ሐኪሟ ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔ ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ ቀረሁ።

ይህች ጥያቄ መጀመሪያ ስትመጣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኮሮና ገና አልመጣም። እኛ ኪርያት መላኺ፣ አክስቴና ባሏ ገዴራ ነበር የምንኖረው። እቴ ነው የምላት። እቴ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ አርግዛ፣ የሰው ዓይን ፈርታ፣ በሰፊ ቀሚስ ሸሽጋው ከርማለች። ኡልፓን፣ የአዲስ መጤዎች ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ገና መግባቷ ስለነበር ዕብራይስጧ ከ«ቤሰደር»፣ ከእሺ፣ ብዙም አያልፍም። ባሏ ጋሼ አለምነው ግንባታ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ቲፓት ሃላቭ፣ የነፍሰ ጡርና የሕፃናት ክትትል ቤት፣ ሲጠሯት አፍ የምሆናት እኔ ሆንኩ።

የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከትምህርት ቀርቼ፣ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፍሬ! ወቅቱ የብርቱካን አበባ የሚፈነዳበት ስለነበር ሽታው በመስኮቱ እየገባ ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኝቶት ነበር። ገዴራ ስወርድ እቴ አዋዜ የተቀባ የዳቦ ቁራሽ በሶፍት ጠቅልላ ፌርማታው ላይ ቆማለች። «ብይ፣ ባዶ ሆድ ዕብራይስጥ አይወጣውም» አለችኝ።

ነርሷ ደግ ፊት ያላት፣ ትልቅ ሴት ነበረች። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ እቴ ክንድ ላይ እየጠቀለለች ትጠይቃለች፤ እኔ እተረጉማለሁ። ዕድሜዋ? ከዚህ በፊት ያስወረዳት አለ? ስኳር በቤተሰብ?

«ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ ትላለች።»

«ጋያ ነው የማጨስ በያት» አለች እቴ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ነርሷም ነገሩ ሳይገባት አብራን ሳቀች። ቀጥላ የጠየቀችውንም በዚያው ሳቅ ውስጥ ሆኜ አቀበልኩ።

«እቴ፣ አንቺና ጋሼ ዘመድ ናችሁ ወይ?»

«የምን ዘመድ?»

«የሥጋ። የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ምናምን።»

የእቴ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እሷ ከአርማጭሆ፣ እሱ ከጭልጋ ሆነው እንኳ ሽማግሎቹ ባባት በናት እያሉ የሁለቱን ዘር ወደኋላ ሲመዝዙ ሰንብተዋል። አያቶቻቸው ካንድ ምንጭ ጠጥተው እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ አልቀሩም።

«እንዲህ ብለሽ ንገሪያት» አለች ዝግ ብላ። «እኛ ከብት አይደለንም።»

እኔ ይህን በዕብራይስጥ ለማዘጋጀት ስታገል፣ እሷ ጨርቁን ከክንዷ ጨርር አድርጋ ፈታችው። ገና አየር አልተሞላም ነበር።

«ማ ካራ?» አለች ነርሷ፣ ምን ተፈጠረ ብላ እኔን እያየች።

«ያላ፣ ተነሽ!» አለችኝ እቴ። በሩን ከኋላችን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጥያቄው ለሁሉም ነፍሰ ጡር እንደሚጠየቅ የነገረን አልነበረም፤ ነርሷም እንደምናውቅ ቆጥራው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ደጋግማ ደወለች። እቴ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። በጋው ገባ። እቴ ገዴራ አጠገብ ካሮት በሚታሸግበት መጋዘን ቀኑን ሙሉ ትቆማለች። እግሯ አብጦ የጋሼ አለምነውን ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀመረች። ራሷን ሲያማት በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች።

«ለልጁ ስትይ ሂጂ» ትላታለች እናቴ።

«ሄጄ ደግሞ ወንድምሽን ነው ያገባሽ ልባል?»

አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ አለባትና ወደቀች። ኤይታንን ያለ ጊዜው በቀዶ ሕክምና አወጡት። በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ሳየው ከኪሎ ስኳር ትንሽ ነው የሚበልጠው፤ ክንዱ የኔን አውራ ጣት ያህላል። የሆስፒታሉ ሐኪም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ እንደነበር፣ ለልጁ የሚደርሰውን ደም እንደቀነሰበት አስረዳን። እቴ አልጋው ላይ ቀና አለች።

«ያን ዕለት ብለካ ይታወቅ ነበር ወይ በይልኝ።»

«ሊታወቅ ይችል ነበር፤ ላይታወቅም ይችል ነበር» አለ ሐኪሙ። እንዳለ ተረጎምኩት። እቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኤይታን ዳነ፤ ግን እግሩ እሺ አላለውም። እኩዮቹ ሲሮጡ እሱ ይድሃል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ኪርያት መላኺ የዘመድ ሠርግ ነበርና ይዛው መጣች። እኔና እሷ ሳህን ይዘን ወጥ ልናስጨምር ተሰልፈን ሳለ፣ ከፊታችን ያሉት ሁለት ሴቶች ወደ ልጁ እያዩ ያወራሉ።

«አይ፣ እንዲያው ሽማግሎቹ ሲቆጥሩ አንድ ቤት ዘለው ይሆናል እንጂ።»

«እኔም እሱን ነው የምል። በምን ይመጣል ሌላ?»

እቴ የዚያን ዕለት እኛ ከብት አይደለንም አላለችም። ሳህኑን አስቀመጠች፣ ልጇን አቀፈች፣ ወጣች። በዓመቱ ማንም ወደማያውቃቸው ሰፈር፣ ወደ ያቭነ ተዛወሩ።

ነርሷን ለረጅም ጊዜ ስጠላት ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን እሷ ጠይቃ መልስ ጠብቃለች። የኛዎቹ ሳይጠይቁ መለሱ።

እቴ ዛሬ ዕብራይስጡ ሞልቶላታል፤ ሐኪም ሲያበሳጫት ቆማ ትከራከራለች፣ ኤይታንም በሳቅ ይሞታል። በአማርኛ ለተባለው ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልመለሰችም።