ከበረራው የቀደመ ማዕረግ

ጅጅጋ ውስጥ ማዕረግ ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል። ሕክምና ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ «ዶክተር» ይባላል። ሕግ ያጠናውም አንድ ቀን ሳይፈርድ «ዳኛው» እንደተባለ ያረጃል። ሰዉ ይህን ፍቅር ይለዋል። እኔ ስምን ከነነፍሱ መቅበር ነው እላለሁ፤ የተስማማኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የግል አብራሪ ፈቃድ ሲያገኝ ቤታችን በግ ታረደ። ያ ፈቃድ ለራስህ ብረር እንጂ ተቀጥረህ ብረር አይልም። ለመቀጠር ሁለት መቶ የበረራ ሰዓት ማጠራቀም፣ እንደገና መፈተን፣ ከዚያም የባዕድ አገሩን ወረቀት እዚህ ማስለወጥ ነበረበት። ይህን ለድግሱ እንግዶች ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ዝም በል አንተ ምቀኛ፣ ካፒቴን ነው!» አለችኝ ሶማሌዋ ጎረቤታችን፣ አጥንቱን እንደያዘች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ እንኳ በስሙ ጠርታው አታውቅም።

እሱም አልመጣም። እዚያው አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሰው አውሮፕላን እያጠበ በምትኩ ያበርራል። የበረራ ሰዓቱ እንደ ጅጅጋ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በስልክ ና ስንለው «ሳልጨርስ በምን ዓይኔ?» ነበር መልሱ።

በዚህ መሃል አባታችን መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት የኖረው የቀብሪበያ መንገድ ጠፋው፤ ቀጥሎ የእህቴ ፊት። ሐኪሙ «ሊያየው የሚፈልግ ልጅ ካለ አሁኑኑ ይምጣ» አለን። የዘገየ ልጅ አባቱን ያገኛል፤ የሚያውቀውን አባት ግን አያገኝም ማለቱ ነው። ልጠራው እኔው ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄድኩ።

አየር ላይ ካልሆነ አላወራ አለኝ። ሁለት ሰው በምትይዝ፣ በሯ እንደ ባጃጅ ሸራ በሚርገበገብ አውሮፕላን አሳፍሮኝ ተነሳ። ከታች ቡናማ ደረቅ ምድር፣ አልፎ አልፎ ቁጥቋጦ። አጠገቤ ቢቀመጥም ድምፁ በጆሮ ማዳመጫው በኩል ከሩቅ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ያ ሐዲድ ይታይሃል? ሽንሌ ነው።»

«የምን ሽንሌ? እዚህ ደቡብ አፍሪካ?»

«ሐዲዱን ይዘን አፍደም እንደርሳለን። ከዚያ ዞረን ጅጅጋ እንገባለን።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አልቀለደም። ብቻውን ሲበር ኖሮ የሰውን ምድር በአገራችን ስሞች ሸፍኖታል። በየበረራው ቤቱ ይደርሳል፤ ጅጅጋ የምትጠፋው ጎማው መሬት ሲነካ ነው። ሙታን ወደ ደጃቸው ይመላለሳሉ ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ። ያን ዕለት አንድ ሕያው ሰው እንደዚያ ሲመላለስ አየሁ፤ አላሳቀኝም።

«አባዬ እየረሳ ነው» አልኩት። «ሳይረሳህ ና።»

«በምን ስም ልግባ?»

«በስምህ።»

«እሱንማ ከበጉ ጋር በላችሁት።»

መጣ፤ ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። አየር ማረፊያ አቀባበል እንዳይጠብቀው ከድሬዳዋ በሚኒባስ ገባ። ጎረቤታችን ገና ከበሩ ላይ ጮኸች፦ «ዋርያ፣ አንተ ካፒቴን! አውሮፕላኑን የት አቆምከው? ፍየሎቼን እንዳታስደነግጥብኝ!»

አንገቱን ደፍቶ አለፋት።

አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ወንድሜ ወድቆ ጉልበቱን ሳመ። አባቴ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው በትሕትና ትከሻውን ይዞ አነሳው።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከደቡብ አፍሪካ።»

የአባቴ ፊት በራ። «እዚያ ልጅ አለኝ» አለና ስሙን ጠራ፤ ካፒቴን ሳይል፣ ስሙን ከነአባቱ። «ሰው ይጠብቀኛል ብሎ እንዳይቸኩል። ሰዓቱን ይጨርስ። ብታገኘው ንገርልኝ።»

ወንድሜ ወደ እኔ አልዞረም።

«እሺ አባባ» አለ። «ሳገኘው እነግረዋለሁ።»