የታስሙሪ ቅጠል

ታስሙሪ እስከ መጨረሻው አልተውም ያለው ነገር ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ቅጠል ነበረች። በጃቫ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የብረበስን የሽንኩርት ማሳዎች ሰንጥቆ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ፣ የተላጨ የጭነት መኪና ጎማ ቀርጾ ዳግመኛ ጥርስ የሚያወጣለት ጎሚስታ ብዙ ነው፤ የታስሙሪን ሥራ ከሌላው የምትለየው ግን ይህች ቅጠል ነበረች። መስመሮቹን በጋለ ምላጭ ቀርጾ ሲጨርስ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በጎማው ትከሻ ላይ በአንድ ትንፋሽ ያሳርፋታል። መልኳን የወሰደው ሚስቱ ከምታገለድመው ሽርጥ፣ ከሳሮንጓ ንድፍ ነው። ሾፌሮች የቆሙ መኪኖችን ጎማ እያዩ «ይሄ የታስሙሪ እጅ ነው» ሲሉ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍበት ደስታ ከእህል ከውኃ ይበልጥበት ነበር።

የሥራው ሕግ አጭር ነው። በጎማው ውስጥ ያለውን ሽቦ የሚሸፍነው ላስቲክ ቢያንስ የሁለት ክብሪት እንጨት ውፍረት ካልቀረው ምላጭ አይነካውም፤ ወይ አዲስ ልባስ እንዲጋገርበት ወደ ምድጃ ቤት ይላካል፣ ወይ ይጣላል። ሌሎቹ መርፌ እየሰኩ ይለካሉ። ታስሙሪ መርፌውን ከጣለ ዓመታት አልፈዋል፤ ጣቴ ይበቃኛል ባይ ነበር።

ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጎረቤቱ ዳርሶኖ የኋላ ጎማዎቹን ይዞ መጣ። ዳርሶኖ ሽንኩርት ወደ ጃካርታ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠው ታስሙሪ «ካንግ» ይለዋል፣ እንደ ታላቅ ወንድም። ከጎማዎቹ አንደኛው ከዚህ ቀደም በዚያው በታስሙሪ እጅ የተቀረጸ ነበር፤ ቅጠሏ ተልጣ ጥላዋ ብቻ ቀርቷል። ሁለተኛ መቀረጽ እንደማይገባው ታስሙሪ ወዲያው አወቀ። ነገር ግን በጎኑ ባለው የዩ ካርሲናህ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ሾፌሮች ተደርድረው ነበር። ዳርሶኖ እነርሱ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሌላው አለቀ ብሎ ከሚጥለው ላይ ይሄ ሰውዬ ገና ጎማ ያገኝበታል» አለ። ሁሉም አዩት። ታስሙሪ እምቢ ማለት አፈረ፤ ምላጩን አጋለ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ከምላጩ ሥር አንድ ነገር ብልጭ አለ። ሽቦ ነበር፤ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ያየው ሰው የለም። ጥቀርሻ በማጣበቂያ ለውሶ በጣቱ ደፈነው። ከዚያም ቅጠሏን እንደ ወትሮው ቀረጻት፤ ኋላ ላይ ነገሩ ትዝ ሲለው ፊቱን በእሳት የሚለበልበው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጎማው ፈነዳ። መኪናው ከነመቶ ሃያ ኩንታል ጭነቱ መስኖ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ፤ ዳርሶኖም ከግራ እጁ ሦስት ጣቶች አጣ። ከኋላው ይከተል የነበረ ሾፌር ከአስፋልቱ ላይ ያነሣውን የጎማ ቅዳጅ አምጥቶ ሻይ ቤቱ ወለል ላይ ወረወረው። ቅጠሏ ምንም ሳትነካ ወደ ላይ ታየች። ታስሙሪ ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ። ሁሉም አይተዋታል። ዩ ካርሲናህ ቅዳጁን በእግሯ ገልብጣ፣ ከሸክላው ማንቆርቆሪያ ሻይዋን መቅዳት ቀጠለች። ቢሰድቡት ኖሮ ይቀለው ነበር።

ረመዳንን ሙሉ መስጊድ ውስጥ የሚቆመው በመጨረሻው ረድፍ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ነበር። ዒድ ሲሆን ወደ ዳርሶኖ ቤት ሄደ። በዚያ ቀን ሰው በሰው ፊት ዝቅ ብሎ ለታየውም ላልታየውም በደሌ ይቅር በለኝ ይላል፤ ስለ ምን ተብሎ አይጠየቅም፣ ስለዚህ ተብሎም አይነገርም። ታስሙሪ ግን ሊናገር ቆርጦ ነበር። ገና «ካንግ፣ ያ ጎማ...» ሲል ዳርሶኖ በተጠቀለለ እጁ ትከሻውን ይዞ አስነሣው። ጭነት ያበዛሁት እኔ ነኝ፣ ሁሉም ታጥቧል፣ አለው፤ የዳርሶኖ ሚስትም በኮኮናት ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሩዝ አቀረበች። ታስሙሪ አንገቱን ደፍቶ በላ። አንድ ወር ያጠነከረው ቃል ከሩዙ ጋር ተመልሶ ወደ ሆዱ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ምክሩ ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ ቅጠሏን ተዋት ነው ሁሉም የሚለው። ሚስቱ፣ ከሳሮንጌ ላይ የሰረቅካትን መልስልኝ ብላ ቀለደች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚቀርጸው ዋስታም ደግሞ፣ «በቅጠሏ ፈንታ ሙዝ ቅረጽበት፤ መኪናው ሲያዳልጠው ምክንያቱ ይታወቃል» አለው። ታስሙሪ መርፌውን ፈልጎ አወጣና በሰው ሁሉ ፊት መለካት ጀመረ፤ በአንድ ሳምንት ብቻ ስድስት ጎማ አልቀርጽም ብሎ መለሰ። ያሳለፋቸው ላይ ግን ቅጠሏን አልተወም።

አንድ ረፋድ ላይ ዳርሶኖ ራሱ በደህና እጁ አንድ ጎማ እያንከባለለ መጣ። አግዳሚው እንደ ያኔው በሾፌሮች ሞልቷል። ታስሙሪ መርፌውን ሰካ፤ ጎማው በቂ ነበር። ዳርሶኖ ጎንበስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ቅጠሏን ተዋት። ሰው እሷን ባየ ቁጥር እጄን ያያል። ለአንተው ብዬ ነው» አለው።

ታስሙሪ ምላጩን አስቀምጦ ቆመ፤ የተናገረውም እስከ አግዳሚው ዳር በሚሰማ ድምፅ ነበር፦

«ካንግ፣ በዒድ ቀን ይቅር ብለኸኛል፤ ይቅር ያልከው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም፤ ልነግርህ ስል ሩዝ አቀረብክልኝ። ሽቦውን አይቼዋለሁ። በዚህ ጣቴ ጥቀርሻ ቀብቼ ደፈንኩት፣ ቅጠሌንም ቀርጬ ሰጠሁህ። ጭነትህ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አሁን ከፈለግህ ይቅርታህን መልሰህ ውሰድ፤ ጎማህንም ይዘህ ወደ ዋስታም ተሻገር። እኔ ጋ ከቀረ ግን ቅጠሏ ትቀረጽበታለች። ሥራዬ ሲያምር ስሜ ናት ብዬ ኮርቼባታለሁ፤ ጥፋቴንም ስም የለሽ አላደርገውም።»