ከቀበሌ እስር ቤት የጣልኩት ዕቁብ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ እዚህ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ወጣሁ። እንባዬ እየቀደመኝ ግማሹን ሳልጨርስ ወረድኩ። እናንተም “አሜን” ብላችሁ አጨበጨባችሁልኝ እንጂ ታሪኩን አልሰማችሁትም። ስለዚህ ዛሬ ጽፌው መጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ የቀረውን ራሴ ነኝ እየተንገዳገድኩ የለመድኩት። ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ።

ሌላው ሰው ከጨጓራው ተፈወሰ፣ ሌላው ዐይኑ በራለት፤ ስሙ ይባረክ! የእኔን በሽታ ግን ሐኪም አያየውም ነበር። የታመመው ስሜ ነው። አዳማ ገበያ ውስጥ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በዱቤ የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ለዘመቻ ወደ ሰሜን ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። እኔ ልጆቼን ይዤ ሽንኩርትና ቲማቲም እቸረችራለሁ። ይህ አልበቃኝም፤ ከፍ ማለት አማረኝ። ሰፈራችን ውስጥ ዕቁብ ነበረ፣ ዳኛው ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ይሁን ብዬ ለመንኳቸው። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ያመጣል፣ ወስዶ ቢያስቀር ዋሱ ይከፍላል። ለእኔ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ዋስ ሆኑ። አሮጊት ናቸው፣ ልጅ የላቸውም፤ አንዲት የወተት ላም አለቻቸው፣ በእሷ ነው የሚኖሩት። እኔም እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ “ሚካኤልን! አንድ ሳምንት አላስቀርም!” ብዬ ማልኩ።

በገንዘቡ ቡልቡላ ወርጄ በቆሎ ገዛሁ። ያን ጊዜ እህል ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ክልክል ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። በቆሎውን ከከሰል ጆንያ ሥር አስጫንኩት። ኬላው ላይ ፈታሹ የሽቦ ዘንጉን በከሰሉ ውስጥ ሰካው፤ ሲያወጣው ጫፉ ላይ የበቆሎ ፍሬ ተጣብቋል። አለቀ። በቆሎውም ተወረሰ፣ ከሰሉም ተወረሰ፣ እኔ ባዶ ከረጢት ታቅፌ አዳማ ገባሁ።

እህቶቼ፣ መክሰር ነውር አይደለም። የእኔ ነውር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሄጄ “ከሠርኩ፣ ቀስ ብዬ ልክፈል” ማለት አፈርኩ። “ማርያምን፣ ለሚቀጥለው እሑድ!” እላለሁ። እሑድ ሲደርስ በጓሮ እወጣለሁ። ከዚህ ተበድሬ እዚያ እደፍናለሁ፣ እዚያም እምላለሁ። በመጨረሻ እትዬ በላይነሽ ላማቸውን ሸጠው የእኔን ዕቁብ ከፈሉ። ላሟን ገዢው በደጄ ነው እየጎተተ ያለፈው። በበሩ ቀዳዳ አየሁት። እሳቸው ከኋላ አልተከተሉም፤ ባዶውን ገመድ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ አስካለ መሆኑ ቀርቶ “ዕቁብ በሊታዋ” ሆነ። ባለሱቁ እንኳ ገና ሳልጠይቀው፣ “እስቲ መጀመሪያ ብሩን አሳይኝ” ይለኛል። የመቂው የሽንኩርት ነጋዴ ለሁሉም በዱቤ እያወረደ እኔ ጋ ሲደርስ፣ “አንቺ የሸዋ ታቦት ሁሉ ተጠርቶ ያለቀብሽ ነሽ፤ ባትምይ ይሻልሻል” አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጆቼም ሰሙ።

አንድ ቀን ዕቃዬን በአንሶላ ቋጥሬ፣ ልጆቼን አስከትዬ መናኸሪያ ሄድኩ። ማንም የማያውቀኝ አገር ገብቼ ሌላ ስም ላወጣ ነው። እዚያ ጫልቱ አገኘችኝ፤ ከጎኔ ቃሪያ የምትሸጥ ልጅ ናት። “ጴንጤ” እያልን ስንስቅባት የኖርን ነን።

“ኮቱ፣ ነይ እስቲ” አለችኝና ጥቅሉን ከእጄ ወሰደችው። “ወዴት ነው?”

“ስሜ ወደማይሰማበት።”

“ስምሽን እዚህ ትተሽ ልትሄጂ? ተከትሎሽ ነው የሚሳፈረው።”

ወስዳ ቤቷ አስገባችኝ። በሩ ተዘግቶ በሹክሹክታ የሚጸልዩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ እንደዛሬው ድምፅ ማጉያ የለ፣ ሃሌ ሉያ የምንለው ትራስ ላይ ተደፍተን ነበር። የዚያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለእርሱ ይሁን! ድንጋይ ከደረቴ ላይ የተነሳ ያህል ቀለለኝ። ጫልቱን አቅፌ፣ “ይቅር አለኝ፣ ሁሉንም ይቅር አለኝ!” እያልኩ ሳለቅስ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

“አዎ፣ ጌታ ይቅር ብሎሻል። እትዬ በላይነሽ ግን ላማቸውን ይፈልጋሉ።”

ወገኖቼ፣ የዚያን ቀን የተሰበከልኝ ስብከት ይኸው ነው።

አዲስ ዕቁብ ሲጀመር ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። እትዬ በላይነሽም ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

“ልግባ” አልኩ።

“ዋስ አለሽ?” አሉ ጋሽ ተሰማ።

“የለኝም።”

“እንግዲያው ማይ።”

“አልምልም ጋሽዬ። ጌታ አትማሉ ብሏል። እጥላለሁ ብያለሁ፣ እጥላለሁ።”

አንዱ ከዳር፣ “ስትምል ያልከፈለች ሳትምል ልትከፍል!” አለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ “የመጨረሻውን ዕጣ ስጡኝ” አልኩ። የመጨረሻ ዕጣ የሚወስድ ሰው ሁሉም ወስዶ እስኪያበቃ የሚጥል ነው፤ ብር ይዞ የሚጠፋበት መንገድ የለም። ጋሽ ተሰማ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ “አንድ እሑድ ብታስቀሪ ስምሽ ይሰረዛል፤ ሁለተኛ በዚህ ደጅ አታልፊም” አሉኝ። ተስማማሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮዬን ጌታ ያውቃል። ከመኪና ላይ ሽንኩርት አውርጄ፣ የበሰበሰውን ለቅሜ በቀን ሥራ እየተከፈለኝ ጣልኩ። እትዬ በላይነሽ እኔ ስገባ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ጊዜም “ደህና ነሽ?” ብለውኝ አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጫልቱ ቤት ስንጸልይ በሩ ተበረገደ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ናቸው። “ያለ ፈቃድ ስብሰባ!” ብለው ሁላችንንም ነድተው ወሰዱን። ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ውስጥ ወንዶቹን ለብቻ፣ ሴቶቹን ለብቻ ዘጉብን። ልጆቼን የጫልቱ እናት ወሰደቻቸው፣ ተመስገን። እኔን ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያንገበግበኝ። የዕቁቡ ገንዘብ በመቀነቴ ተቋጥሮ ሆዴ ላይ ነው። ነገ እሑድ ነው።

ሌሊቱ እንደምንም ነጋ። ጠዋት ዘበኛ ተቀየረ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ የመጣው በቀለ ነው። እናንተ የዛሬ ልጆች በቀለን አታውቁትም፤ በሰፈሩ ዕዳ ያላስቀረበት ሰው አልነበረም። አረቄ በዱቤ፣ ሲጋራ በዱቤ፣ ከእኔም ሽንኩርት ወስዶ ክላሹን እያሻሸ፣ “አብዮቱ ይክፈልሽ” ያለኝ ሰው ነው። ቀኑ እየገፋ ሄደ። ሌላ ሰው በዚያ በር አላለፈም። ዕቁቡ የሚሰበሰብበት ሰዓት ሲቃረብ ተነሳሁ።

“በቀለ፣ ወንድሜ።”

“መቼ ነው ደግሞ ወንድምሽ የሆንኩት? ምን ፈለግሽ ጴንጤዋ?”

“ዛሬ ዕቁብ ነው።”

ሳቁን ለቀቀው። “ታስሮ ዕቁብ! ጌታዬ ከፈለልኝ ስትሉ አልነበር? ይክፈልልሻ!”

“የኃጢአቴን ከፍሎልኛል። ዕቁቡን ግን ለእኔ ነው የተወው።” ገንዘቡን ጠቅልዬ በስንጥቁ አወጣሁለት። “ጋሽ ተሰማ ቤት አድርስልኝ።”

ጫልቱ ከኋላ ቀሚሴን ያዘችኝ። “አበድሽ? ለእሱ? የሚስቱን ድስት የሸጠ ሰው እኮ ነው!”

በቀለ ሰማት። ገንዘቡን ሳይነካ ቆሞ ያየኛል። “ብጠጣውስ?” አለ።

“ከጠጣኸው ጠጣኸው። ሌላ የምልከው የለኝም።”

“አታስምዪኝም?”

“አላስምልህም።”

ፊቱ ተቀያየረ። የሰደብኩት ነበር የሚመስለው። ከዚያ ገንዘቡን ነጥቆኝ ሄደ።

ወንድሞቼ፣ መታመንን ማጣት እንዴት እንደሚያም አውቅ ነበር፣ አጥቼዋለሁና። ሰው ማመንም እንደሚያም ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። በግንባሬ ተደፋሁ። “ጌታ ሆይ፣ ሰዎች ለእኔ ብራቸውን ሰጥተው እንዲህ ነበር እንዴ የሚጠብቁኝ? እትዬ በላይነሽ እንዲህ ነበር እሑድ እሑድ በሩን የሚያዩት?” ያን ጊዜ ነው ያደረግኩባቸው ነገር የገባኝ። ከዚያ በፊት በአፌ ነበር የተናዘዝኩት።

በቀለ አልተመለሰም። ተራው አልቆ ሌላ ዘበኛ መጣ። በነጋታውም አልመጣ። ሊቀመንበሩ እየመጣ፣ “ሁለተኛ አንሰበሰብም ብላችሁ ፈርሙ” ይለናል፣ አንፈርምም። ሰድቦ፣ አስፈራርቶ፣ ከቀናት በኋላ ሲሰለቸው “ውጡ ከዚህ!” ብሎ ለቀቀን።

ቤቴ አልገባሁም። ልጆቼን እንኳ ሳላይ በቀጥታ ወደ ጋሽ ተሰማ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ።

“ጋሽዬ፣ የእሑዱ...”

“ግቢ” አሉ። “ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ? ልትገድዪን ነበር እኮ!”

“ምን አደረግኩ?”

“ያ ወሮበላ ክላሹን አንግቶ ዘው አለብን! ልንወረስ ነው ብሎ ጸሐፊያችን የዕቁቡን ብር ፍራሽ ሥር ከቶ ተቀመጠበት። ወይዘሮዎቹ ‘እሪ’ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እሱ መሀል ቤት ቆሞ፣ ‘አስካለ ልካለች፤ ፊቴ ላይ ቁጠሩት’ አለ። ቆጠርነው። ሙሉ ነው። አልሄድም አለ፤ ‘መጉደሉንና አለመጉደሉን በአፋችሁ ንገሩኝ’ አለን። ሙሉ ነው ብለን ሁላችንም በየተራ ነገርነው።”

ሃሌ ሉያ! እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በኋላ በቀለን ገበያ አግኝቼ አመሰገንኩት። “ተዪኝ” አለ። “አረቄ ቤቱ ደጅ ደርሼ ነበር። ቃል አስገብተሽኝ ቢሆን ኖሮ እገባ ነበር፤ ቃል ማፍረስ ለምጃለሁ። እንዲሁ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው ግን የለም፤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።” በቀለ አልጸለየም፣ አረቄውንም አልተወም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ጌታ ግን በእሱ እጅ ስሜን አዳነ።

ወሬው በገበያው ዞረ። የመቂው ነጋዴ ምንም ሳልጠይቀው አንድ ጆንያ ሽንኩርት እግሬ ሥር አወረደና፣ “ስትሸጪ ትከፍያለሽ” ብሎ ሄደ። ጆንያው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ሸጬ ከፈልኩ፣ ሌላ አወረደ።

የመጨረሻው ዕጣ ደረሰኝ። ከጋሽ ተሰማ ጋር ከብት ተራ ሄደን ላም ገዛን። እየነዳኋት እትዬ በላይነሽ ደጅ ደረስኩ። ወጡ። እኔን አላዩኝም፣ ላሟን ነው ያዩት። ጥርሷን አዩ፣ ጡቷን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉ።

“ከእኔይቱ ታንሳለች” አሉ።

“ታንሳለች እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።”

“ወተቷን አይተን እንነጋገራለን።” አስገቧትና በሩን ዘጉት። ያንን ሁሉ ዘመን ስጠብቅ የነበረው ይኼ ነው? ብዬ ቅር እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

ዕቁቡ ታድሶ እንደገና ተሰበሰብን። ልጄ ትምህርት ቤት ሊገባ ነበርና ገንዘቡ ቀድሞ ያስፈልገኝ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ፣ “ዘንድሮ ከፊተኞቹ ዕጣ ባገኝ...” አልኩ።

“ዋስሽ ማን ነው?” አሉ ጋሽ ተሰማ። እንደ ሥርዓቱ መጠየቃቸው ነው።

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም ቀና አላለም። ልተወው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ከግድግዳው ጥግ፣

“እኔን ጻፉ።”

እትዬ በላይነሽ ናቸው። ሁሉም ዞረ።

“ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሃይማኖቷን አልወደውም። ላሟም ከወተቷ እርግጫዋ ይበልጣል። ግን ታስራ ያላስቀረች ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ ነው የምታስቀረው? ጻፉኝ!”

ጋሽ ተሰማ ጻፏቸው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ያ ነጋዴ የለም፣ እትዬ በላይነሽም አርፈዋል፤ በቀብራቸው ቀን እንደ ልጅ ሆኜ ለቅሶ የተቀመጥኩላቸው እኔ ነኝ። በአዳማ ገበያ ግን ማንም ብሩን አሳይኝ ሳይለኝ እገዛለሁ፣ ይህ የእርሱ ሥራ ነው። ክብር ለእርሱ፣ ምስጋና ለእርሱ!

ከመካከላችሁ በጓሮ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ስሙ ሲጠራ ልቡ የሚደነግጥ ካለ፣ ዕወቅልኝ፣ ዕወቂልኝ፦ ጌታ የሚቀበለው ስሙ የጸዳውን ብቻ አይደለም። እንዳለህ ና። ከዚያ የበደልከው ሰው ቤት ሂድ። የሚስቁብህ ይሳቁ፣ ፊት የሚያዞሩብህም ያዙሩ፤ የምትችለውን ያህል በየሳምንቱ ይዘህ ግባ። ዛሬ ይሆናል አልልህም። እርሱ ግን አብሮህ ይገባል። ከእኔ ጋር በየእሑዱ ገብቷልና።